ስንት ሜትር ናት? የባአ አቶል የሰባት ቀን ማስታወሻ

አንደኛ ቀን፦ ማሌ

ከመነሳቴ በፊት ለአንዲት ጓደኛዬ "ማንታ የሚባል፣ 7 ሜትር የሚሰፋ ዓሣ ለማየት ማልዲቭስ ልሄድ ነው" ብዬ ጉራዬን ነዛሁባት። "ዓሣ ነው ወይስ የቤት ክዳን?" አለችኝ። ዝም አልኳት። ስመለስ ከመጽሐፍ የቃረምኩትን ሳይሆን በዓይኔ ያየሁትን ቁጥር አምጥቼ አፏን አስይዛታለሁ ብዬ ነበር በሆዴ።

የማልዲቭስ ዋና ከተማ ማሌ የደረስኩት ከመሸ ነው። ባአ አቶል ወደተባለው የቀለበት ቅርጽ ያለው የኮራል ደሴቶች ስብስብ የሚሄደው ትንሽ አውሮፕላን የሚነሳው ነገ ጠዋት ነው። እንቅልፍም እምቢ ስላለኝ ያነበብኩትን ስከልስ አመሸሁ፤ ክለሳው ደግሞ ጉራዬን አፈረሰው።

ማንታ ሲባል ብዙዎቻችን አንድ ዓሣ ይመስለናል። ሳይንቲስቶቹም ለረጅም ዘመን እንደዚያ ነበር የያዙት። በ2009 ግን አንድሪያ ማርሻልና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት አንዱ ለሁለት ተከፈለ፤ በክፍት ውቅያኖስ የሚንከራተተው ግዙፉ ማንታ አንድ፣ በኮራል ዓለት ዙሪያ የሚውለው የሪፍ ማንታ ሌላ። በ2017 ደግሞ የዘረመል ጥናት መጣና ሁለቱንም ሞቡላ ከሚባሉት ትንንሽ ዘመዶቻቸው ጋር በአንድ የወገን ስም ጠቀለላቸው። 7 ሜትር የሚደርሰው፣ ክብደቱም ወደ 2 ቶን የሚጠጋው ግዙፉ ነው። እኔ የምሄድበት ባአ ግን ስሙ የገነነው በሪፍ ማንታዎቹ ነው። እነሱ ደግሞ አብዛኞቹ 3 ወይም 3.5 ሜትር ናቸው፤ በጣም ትልቅ የተባለው 5 ሜትር አካባቢ ቢደርስ ነው። ገና ከቤቴ ሳልወጣ የዓሣውን ግማሽ ዋሽቼ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ታዲያ ስፋት ነው እንጂ ርዝመት አይደለም። ማንታ የሚለካው ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ነው። ጭራውን ትተን ከፊት ወደ ኋላ ብንለካው የስፋቱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በስፓንኛ ማንታ ማለት ካባ ወይም ብርድ ልብስ ነው። እኛ ጆሮ ላይ "መንታ" ሆኖ መግባቱ ግን ያስቃል፤ ይህች ዓሣ ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ብቻ ነውና።

ሁለተኛ ቀን፦ ዳራቫንዱ

ከማሌ እስከ ባአዋ ደሴት ዳራቫንዱ በአየር 20 ደቂቃ ገደማ ነው። መስኮት ዳር መቀመጥ ግን የግድ ነው። ከላይ ሲታይ ባሕሩ ላይ ቀለበት ተበትኗል፤ ቀለበት ውስጥ ሌላ ቀለበት፣ መሐሉ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ዳሩ ድንገት ጥቁር። አቶል የሚለው ቃል ራሱ ለዓለም የተሰጠው ከማልዲቮች ቋንቋ ከዲቬሂ ነው። አገሩ በእነዚህ ቀለበቶች ላይ የተሰፋ 1,200 ገደማ ደሴት ነው።

አስጠላቂያችን፣ ማለትም ባሕር ውስጥ የሚመራን ሰው፣ የዚሁ ደሴት ልጅ ነው። ማንታን በቋንቋቸው "ኤን ማዲ" እንደሚሏት ነገረኝና የመጀመሪያ ጥያቄዬን መለሰልኝ፦ ለምን ባአ፣ ለምን አሁን? ጣቱን ወደ ምዕራብ ቀሰረ። ከግንቦት እስከ ኅዳር ሞንሱን የሚባለው ወቅታዊ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። ነፋሱ የሚገፋው ውኃ በአቶሎቹ መሐል ሲያልፍ ከጥልቁ በማዳበሪያ የጠገበ ቀዝቃዛ ውኃ ይጎትታል፤ ያ ውኃ ፀሐይ ሲያገኝ የማንታ ምግብ የሆነው ፕላንክተን፣ በውኃው የሚንሳፈፍ ደቃቅ ፍጥረት ሁሉ፣ ይፈላበታል፤ ሞገዱም ፕላንክተኑን ወደ ምሥራቅ ዳር ይነዳዋል። ማንታዎቹም ይከተላሉ። ነፋሱ ሲገለበጥ እነሱም ወደ ምዕራቡ ዳር ይሻገራሉ። "እኛ ማንታ አንፈልግም፣ ነፋስ ነው የምንፈልገው" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ለመለማመድ ወጣን። መነጽሬ ያፈሳል፣ መተንፈሻ ቱቦዬ ውኃ ይጠጣል፣ ጀልባዋ ደግሞ ያው ሞንሱን ነውና ትዘላለች። ሆዴ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ለባሕሩ አስረክቤ ተመለስኩ። ማንታ የለም። የመነጽሬን ላስቲክ አስጠላቂው አጥብቆልኝ፣ "ፀጉርሽ መሐሉ ገብቶ ነው" አለኝ። ነገሩ ይኸው ነበር።

ሦስተኛ ቀን፦ ሃኒፋሩ

ሃኒፋሩ ሰው የማይኖርባት ደሴትና ከጎኗ ያለ፣ በኮራል የታጠረ የባሕር ወሽመጥ ነው። ከዳራቫንዱ በጀልባ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቦታው በ2009 ጥብቅ ክልል ሆነ፤ ባአ አቶል በሙሉ ደግሞ በ2011 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ተመዘገበ። ከ2012 ወዲህ በአየር ሲሊንደር መጥለቅ አይፈቀድም፤ በመነጽርና በቱቦ ብቻ፣ ላይ ላዩን። አንድ ሰው ውኃ ውስጥ የሚቆየው 45 ደቂቃ ነው። በአንድ ጊዜ ከ80 ሰውና ከ5 ጀልባ በላይ አይገባም። ጠባቂዎቹ ይቆጥራሉ፣ ሰዓት ይይዛሉ። መጀመሪያ ሳነበው የበዛ መስሎኝ ነበር፤ ገብቼ ሳየው ግን ሰማንያም ብዙ ነው አልኩ። ሰማንያ ጥንድ መቅዘፊያ እግር ሲራገጥ አስቡት።

ውኃው ድፍርስ ነው። የተዘረጋ እጄ ጫፍ ብዥ ይላል። ጥርት ያለ ሰማያዊ ባሕር ጠብቄ ስለነበር ከፋኝ። አስጠላቂው ግን ፊቱ በራ፤ ብዥ ያደረገው ጭቃ ሳይሆን ፕላንክተን ነው። ጥርት ያለ ባሕር ማለት ለማንታ ባዶ ሳሕን ነው።

አርባ አምስቱ ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ከብዥታው ውስጥ አንድ ጥላ መጣ። ጥላው ጠቆረ፣ ዳር አወጣ፣ ክንፍ አወጣ። ከፊቱ ሁለት ቀንድ አለው። እነዚያ ቀንዶች ናቸው ድሮ መርከበኞችን አስፈርተው "የሰይጣን ዓሣ" ያስባሏት። ቀንድ ግን አይደሉም፤ ተጠቅልለው የተያዙ ሥጋዎች ናቸው። ስትጓዝ ትጠቀልላቸዋለች፣ ስትበላ ትፈታቸውና በአፏ ግራና ቀኝ እንደ ማንቆርቆሪያ አድርጋ ውኃውን ወደ ውስጥ ትነዳባቸዋለች። ከሥሬ ስትደርስ ቀንዶቿ ተፈቱ፣ አፏ ተከፈተ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ተገለበጠች። ነጭ ሆዷ በሙሉ በእኔ በኩል ዞረ። በግራ አምስት፣ በቀኝ አምስት የስንጥብ፣ የመተንፈሻዋ፣ ስንጥቅ፤ በመሐላቸው ሦስት ጥቁር ነጥብ፣ ልክ እንደ ሦስት ጉልቻ ተቀምጠው። ካሜራዬን ተጫንኩ። ስሟንም እዚያው አወጣሁላት፦ ባለ ጉልቻዋ።

ጀልባ ላይ ወጥቼ የመጀመሪያ ቃሌ "4 ሜትር ተኩል!" ነበር። አስጠላቂው ፈገግ አለ። "በመጀመሪያው ቀን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።" ተናደድኩ። ያየሁት እኔ ነኝ።

አራተኛ ቀን፦ ሃኒፋሩ፣ ሙሉ ጨረቃ

አስጠላቂው ትናንት የነገረኝን ዛሬ አየሁት። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ የባሕሩ ሙላት ይበረታል። ሙላቱ ወሽመጡ ውስጥ ሲገባ ከሞንሱኑ ሞገድ ጋር ይጋጠማል፤ ፕላንክተኑ መውጫ ያጣና በኮራሉ ግድግዳ ላይ ይከማቻል። ማንታዎቹ ይህን ሰዓት ያውቁታል። እዚህ ወሽመጥ ውስጥ ከመቶ በላይ የሚገቡባቸው ቀናት አሉ። እኔ ቆጥሬ ቆጥሬ 30 ላይ ጠፋብኝ፤ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት።

የአበላላቸው ነገር ለብቻው ጉድ ነው። ምግቡ ሲሳሳ እያንዳንዷ ለብቻዋ ቀጥ ብላ ትዋኛለች፤ ሲወፍር ሰልፍ ይሠራሉ። አንዷ ከሌላዋ ጭራ ሥር፣ ሌላዋ ከጀርባዋ በላይ፣ ደረጃ በደረጃ። የፊተኛዋ አፍ ያመለጠውን የኋለኛዋ ትለቅመዋለች። በጣም ሲወፍር ደግሞ የሰልፉ ፊት ከሰልፉ ጭራ ጋር ይገጥምና ክብ ይሆናል፤ ክቡ ላይ ሌሎች እየተጨመሩ ከ50 በላይ ማንታ እንደ አውሎ ነፋስ ይሽከረከራል። ሽክርክሪቱ ምግቡን ወደ መሐል ይስበዋል። ዛሬ ሙሉው አውሎ አልመጣም፤ ሰባት ስምንት የሆኑ ክብ ጀምረው ሁለት ዙር ከሄዱ በኋላ ተበተኑ። እኔ ለሁለቱም ዙር ትንፋሼን ይዤ ነበር፣ ላይ ላዩን እየተንሳፈፍኩ፣ ያለ ምንም ምክንያት።

አፋቸውን በቅርብ ያየሁት ዛሬ ነው። ሬይ የሚባሉት የሌሎቹ ጠፍጣፋ ዘመዶቻቸው አፍ ከሥር፣ አሸዋ ለመቆፈር በሚመች በኩል ነው፤ የእነዚህ ግን ፊት ለፊት ነው። አንዷ አፏን በልቅጣ ወደ እኔ ቀጥታ መጣች፤ ልጅ የሚያስገባ ነው። ውስጡ ነጭ ነው፣ ከጎንና ከጎን እንደ ጥሩ ማበጠሪያ የተደረደሩ ዝርግ ነገሮች ይታያሉ። ማጣሪያዎቹ ናቸው። ጉሮሮዋ ድረስ ብርሃን ይገባል። ልታልፈኝ ስንዝር ሲቀራት አንዱን ክንፏን ሰብሰብ አደረገች፣ ከሆዴ ሥር ተንሸራተተች፣ አልነካችኝም። ከአካሏ ያገኘኝ የውኃው ግፊት ብቻ ነው። መናደፊያ እሾህ የላትም፤ እሾህ ያላቸው ዘመዶቿ ናቸው። ጥርስ አላት፣ ግን የታችኛው መንጋጋ ላይ ብቻ የሰፈረ ብናኝ የሚያህል ጥርስ ነው፤ ለመብላትም አትጠቀምበትም።

የማጣሪያው ነገር ማታ ስጽፈውም ያስደንቀኛል። ወንፊት ብንጠቀም ኖሮ ይደፈናል፤ የወንፊት ዕጣው ነው። የማንታ ማጣሪያ ግን አይደፈንም። በ2018 የወጣ ጥናት ምክንያቱን አሳይቷል። ውኃው በማበጠሪያው ጥርሶች ላይ ሲያልፍ ከእያንዳንዱ ጥርስ ኋላ ትንሽ ሽክርክሪት ይፈጠራል። የምግብ ቅንጣቱ ጥርሱን ይነካና ይነጥራል፤ እንደ ኳስ ከአንዱ ወደ ሌላው እየነጠረ ወደ ጉሮሮ ይገፋል፤ ውኃው ብቻ በመሐል አምልጦ በስንጥቦቹ ይወጣል። ቅንጣቱ ከቀዳዳው ቢያንስ እንኳ ይነጥራል። ሽንት ቤት እንኳ በሚደፈንበት ዓለም ይህን የሠራ እጅ ይባረክ።

ባለ ጉልቻዋን ለአፍታ አየኋት መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከሠላሳ ሆድ መሐል ጉልቻ መፈለግ ዓይን ያወጣል።

አምስተኛ ቀን፦ ዳራቫንዱ ቲላ

ከሃኒፋሩ ውጭ በሲሊንደር መጥለቅ ይፈቀዳል። ከአውሮፕላን ጉዞ በፊት ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ከሲሊንደር መራቅ ስለሚያስፈልግ የመጨረሻ ዕድሌ ዛሬ ነበር። ቲላ ማለት ከውኃው በታች ተደብቆ የቆመ የኮራል ጉብታ ነው። የዳራቫንዱው ቲላ የማንታዎች መታጠቢያ ነው።

ወረድን፣ ከኮራሉ ራቅ ብለን ተጠጋጋን፣ ጠበቅን። ለሃያ ደቂቃ ምንም የለም። የራሴን ትንፋሽ ስሰማ ቆየሁ። ከዚያ ሁለት መጡ። ትናንት ሲበሉ ያየኋቸው እንስሳት አይመስሉም፤ ቀንዶቻቸውን ፈታ አድርገው፣ ክንፋቸውን አንዴ መትተው ረጅም ጊዜ እየተንሳፈፉ፣ በኮራሉ አናት ላይ ቀስ ብለው ይዞራሉ። ጣት የማይሞሉ ሰማያዊ ጽዳት ሠራተኛ ዓሦች ከጉድጓዳቸው ወጡና ሥራ ጀመሩ፤ አፍ ውስጥ ይገባሉ፣ በስንጥብ ይወጣሉ፣ ከቆዳ ላይ ጥገኛ ተሕዋስና የሞተ ሥጋ ይለቅማሉ። እንደ ፀጉር ቤት ተራ ያዥ አንዷ ሰብሰብ ብላ ዳር ላይ ቆየች፣ የሌላዋ እስኪያልቅ። ቆየች ስል ግን ቆመች ማለቴ አይደለም፤ ማንታ ስንጥቧ ውስጥ ውኃ የምታሳልፈው ወደፊት በመዋኘት ስለሆነ ቀጥ ብላ ቆማ ማረፍ አትችልም።

አንደኛዋ የኋላ ክንፏ ጠርዝ ላይ ግማሽ ጨረቃ የሚያህል ሥጋ ጎድሏታል። ሻርክ ነው። ማንታ የምትሸሸው ትልልቅ ሻርኮችንና ኦርካ የተባለውን ገዳይ ዓሣ ነባሪ ነው፤ ቁስሏ ግን ቶሎ ይደርቃል። ሌላዋ የግራ ክንፏ ጫፍ ላይ ጥቋቁር ጭረቶች አሉባት፤ እነዚህን ያሳየኝ አስጠላቂው ነው፤ በሰሌዳው ላይ "ጋብቻ" ብሎ ጻፈልኝ። በእርባታ ወቅት ወንዶቹ አንዷን ሴት ተከትለው ረጅም ሰልፍ ይሆናሉ። እሷ ትጠማዘዛለች፣ ትገለበጣለች፣ ሰልፉም እንደ እሷ ይገለበጣል። እስከ መጨረሻው የተከተላት ወንድ ክንፏን በአፉ ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ግራውን ነው። ያቺ የማትረባ የመሰለችኝ ጥርስ ሥራዋ ይኸው ነው። ጭረቱ ይቀራል፤ የበሰለች ሴት በግራ ክንፏ ትታወቃለች።

ከላይ ያለችው ዝቅ ብላ በግራ ዓይኗ አየችኝ። እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም፤ ዓይኑ ይንቀሳቀሳል፣ ከመነጽሬ ወደ እጄ፣ ከእጄ ወደ አስጠላቂው። ማንታ ከዓሦች ሁሉ ትልቅ አንጎል ያላት ናት፤ በአንጎሏ ዙሪያ የተጠላለፉ የደም ሥሮች ሙቀቱን ይጠብቁላታል። ወደ ጥልቅ ቅዝቃዜ ለሚወርድ እንስሳ ይህ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በኒው ካሌዶንያ መከታተያ ከተገጠመላቸው የሪፍ ማንታዎች አንዱ 672 ሜትር ድረስ ወርዷል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በውኃ ገንዳ ያሉ ሁለት ግዙፍ ማንታዎች መስታወት ፊት ሲቀርቡ ደጋግመው እየዞሩ ራሳቸውን እንደሚያዩ፣ አረፋም እንደሚለቁ ጽፏል። ራሷን ታውቃለች ማለት ነው ወይስ ሌላ ማንታ መስሏት? ተመራማሪዎቹም ይከራከሩበታል። እኔ ዛሬ ሌላ ነገር ነው የተሰማኝ፤ መስታወቱ እኔ የሆንኩ ያህል።

መንካት ይከለከላል። ቆዳዋን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ከበሽታ መከላከያዋ ስለሆነ፣ እጅ ካበሰው ቁስል ይገባበታል። እጆቼን ደረቴ ላይ አጥፌ ነው የጨረስኩት።

ስድስተኛ ቀን፦ ልኬቱ

ዛሬ ጀልባችን ላይ አንዲት የማንታ ተመራማሪ ተሳፍራ ነበር። በእጇ ረጅም ዘንግ ይዛለች፤ በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ሁለት ካሜራ ታስረዋል። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ሁለቱ ካሜራዎች እንደ ሁለት ዓይን ናቸው አለችኝ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ስለሚታወቅ ሁለቱም ያነሷትን ማንታ ክንፍ ከጫፍ ጫፍ ኮምፒዩተሩ በሳንቲ ሜትር ያሰላዋል። በሃዋይዋ ማዊ ደሴት ደግሞ ተመራማሪዎች በሌላ ዘዴ ይለኩ ነበር፤ ከካሜራው ጎን ሁለት ትይዩ የሌዘር ጨረር ማንታዋ ጀርባ ላይ ያሳርፋሉ፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ስለሚታወቅ እሱን ማስመሪያ አድርገው ይለካሉ። ሜትር ይዞ የሚጠጋ የለም።

እኔም የሦስተኛውን ቀን ፎቶ አሳየኋት። የማንታ ሆድ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ነጥቦቹ ከልደት እስከ ሞት አይለወጡም፣ የሁለት ማንታ ነጥብም አይመሳሰልም። በማልዲቭስ በዚህ መንገድ ከ5,000 በላይ የሪፍ ማንታዎች ተመዝግበዋል፤ በዓለም ከሚታወቁት ሁሉ የሚበዛው ይህ ስብስብ ነው። ጉልቻዎቹን ስታይ ወዲያው "እሷን አውቃታለሁ" አለች። እዚያው ወሽመጥ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አገኘናት፤ ወይም እሷ አገኘችን። ተመራማሪዋ ዘንጓን ዘርግታ ከበላይዋ ተንሳፈፈች።

ማታ ውጤቱ መጣ፦ 3.3 ሜትር።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ 4.5 ሜትር ስል ነበር። ተመራማሪዋ ሳትስቅብኝ አስረዳችኝ። ብርሃን ከውኃ ወጥቶ መነጽር ውስጥ ያለው አየር ላይ ሲገባ ይታጠፋል። በዚህ የተነሳ ውኃ ውስጥ ያለ ነገር በሲሶ ተልቆ፣ በሩብ ቀርቦ ይታያል። ያጣጠፍኳትን ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት፤ 4.5 ለ1.33 ሲካፈል 3.38 ይመጣል። ዓይኔ ጥሩ ነው ማለት ነው፤ የዋሸው መነጽሬ ነው። የቀረችው 8 ሳንቲ ሜትር የድንጋጤዬ ናት።

ከዚያ በኋላ ነው ተመራማሪዋ "ሆዷንስ አየሽው?" ያለችኝ። አላየሁትም ነበር። ፎቶውን አጎላችው። ከኋላ ክንፎቿ ፊት፣ ከሥሯ፣ ጉብታ አለ፤ እርጉዝ ናት። አንድ ዓመት ገደማ ትሸከማለች። ለመውለድ የሚበቁት ሴቶች ከወንዶቹ ይሰፋሉ፤ የሚሸከሙት አንድ ግልገል ሲወለድ 1.5 ሜትር ሊሆን ስለሚችል መስፋታቸው አይገርምም። የእናቱን ግማሽ የሚጠጋ ልጅ! ክንፎቹ በሆዷ ውስጥ እንደ ጥቅል ወረቀት ተጠቅልለው ነው የሚቆዩት፤ ሲወጣ ይዘረጋሉ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለብቻው ይዋኛል። እናት አትጠብቀውም።

ማህፀኗ ውስጥ እትብት የለም። ግልገሉ መጀመሪያ በዕንቁላሉ አስኳል፣ ኋላም የማህፀኗ ግድግዳ በሚያመነጨው ወተት መሰል ፈሳሽ ይመገባል። ትንፋሹስ? በጃፓን ኦኪናዋ የሚገኘው ቹራውሚ አኳሪየም ውስጥ በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው እጅ ሥር ማንታ ወልዳለች። በዚያ በተደረገ ምርመራ፣ በ2012 በታተመ ጽሑፍ፣ በአልትራሳውንድ የታየው ነገር ግልገሉ አፉን እየከፈተና እየዘጋ የማህፀኗን ፈሳሽ በስንጥቦቹ ሲያሳልፍ ነው። ያን ጊዜ ዓሣው ሳይዋኝ ይተነፍሳል። ከተወለደ በኋላ ይህን ችሎታ ያጣዋል፤ ዕድሜውን በሙሉ ለመተንፈስ ሲዋኝ ይኖራል።

ጉልቻ አንዲት ቤት ትመሠርታለች ይባላል። ባለ ጉልቻዋ ግን ቤት የላትም፤ ወልዳ ትሄዳለች።

ሰባተኛ ቀን፦ ዳራቫንዱ፣ ዝናብ

አውሮፕላኑ በዝናብ ምክንያት ዘገየ። መጠበቂያው አዳራሽ በር ላይ ተቀምጬ ትናንት የሰማሁትን በቁጥር ለመጨረስ ሞከርኩ፤ ደስ የሚል ሒሳብ አልሆነም። ሴት ማንታ ለመውለድ የምትደርሰው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ እዚህ ማልዲቭስ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ከአንዱ ወሊድ እስከ ሌላው ከ2 እስከ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዕድሜዋ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ቢሆንም በዚያ ሁሉ ጊዜ የምትወልዳቸው ግልገሎች በሁለት እጅ ጣት ያልቃሉ ማለት ይቻላል። በአንድ ጀምበር አሥር ማንታ የሚያወጣ መረብ ይህን ሒሳብ አያውቅም።

የሚገድሏት ደግሞ ለዚያች ማበጠሪያዋ ነው። የደረቀ የማንታ ማጣሪያ በተለይ በቻይናዋ ጓንግዦ ገበያ እንደ መድኃኒት ይሸጣል። ከባሕሩ የሚለየው ዕቃ ሰውንም ከበሽታ ይለይልናል የሚል እምነት ነው፤ እንዳይደፈን የተሠራው ነገር ደረቀ፣ ተፈጨ፣ ተቀቀለ። በ2013 የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ማንታን ቁጥጥር ውስጥ አስገባ፤ ውሳኔው በ2014 ሥራ ላይ ዋለ። ማልዲቭስ የሬይ ዓሦችን ወደ ውጭ መላክ የከለከለችው ቀደም ብሎ፣ በ1995 ነው፤ በ2014 ደግሞ ሁሉንም ሬይ ዓሦች በሕግ ጠበቀች። ግዙፉ ማንታ ዛሬም በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት፣ የሪፉም ለአደጋ ከተጋለጡት ዝርዝር ውስጥ ናቸው።

ዝናቡ ሲያባራ ስልኬን አወጣሁ። ለጓደኛዬ የባለ ጉልቻዋን ሆድ ፎቶ ላክሁላት፣ ከሥሩም "3.3 ሜትር፣ በመሣሪያ የተለካ" ብዬ ጻፍኩ። መልሷ አልዘገየም፦

"7 ነበር ያልሽኝ። የቀረውን የት ጣልሽው?"

"ከአንድ ሜትር በላዩን መነጽሬ በልቶታል" አልኳት። "ሌላው ፉቫሙላ ነው፤ ከዚህ በስተደቡብ፣ ግዙፎቹ የሚያልፉበት። መጋቢት ላይ ሄጄ አመጣዋለሁ።"